ቲሚር የማይዘጋው ላፕቶፕ

ቲሚር ላፕቶፑን ዘግቶ አያውቅም። ከክፍል ክፍል ሲሄድ እንደ ሻይ ትሪ ከፍቶ ይዞት ነው የሚዞረው። ቦርሳ ውስጥ ሲያስገባው ደግሞ ክዳኑ እንዳይገጥም እስክሪብቶ ይሰነቅርበታል። ሕንድ አገር፣ ሲሊጉሪ ከተማ ያለው ቢሮ ውስጥ ሠራተኛው ሁሉ ይህንኑ ተምሯል። እምቢ ያለችው ፕሮግራም ጸሐፊዋ ሸፋሊ ብቻ ናት። አለቃ ነኝ፣ ባለሙያ ነኝ የሚል ሰው ክዳን ይፈራል?

ይፈራል እንጂ። ራሱ የጻፈው ፕሮግራም ክዳኑ ተዘግቶ ላፕቶፑ ሲተኛ የኢንተርኔት መስመሩ መቋረጡን አያውቅም። ሲነቃ የሞተውን መስመር ይዞ እንደተገናኘ ሁሉ አረንጓዴ ያበራል፤ የተሰጠውን ሁሉ "ተልኳል" ብሎ ይውጠዋል። የሚላከው ደግሞ የሠርግ ፎቶ አይደለም። ሻይ እርሻ ውስጥ ካሉ ክሊኒኮች የበሽተኛ የልብ ምርመራ ውጤት ነው፣ ኮልካታ ላሉ ሐኪሞች። ውሉ ዛሬ ከተፈረመ ነገ አርባ ሁለት ክሊኒክ ይገባል።

ሸፋሊ አስተካክላዋለች። ላፕቶፑ ሊተኛ ሲል ፕሮግራሙ መስመሩን ራሱ ይዘጋል። ሲነቃ ኔትወርክ እስኪመጣ ቀይ አብርቶ ይጠብቃል፣ ከዚያ አዲስ መስመር ይከፍታል። መድረሱን ሳያረጋግጥ "ተልኳል" አይልም። ሥራው ሁለት ቀን ፈጀ። የቲሚር ፈቃድ አስራ አንድ ቀን፣ እሱም ገና አልመጣም።

"ቲሚር ዳዳ፣ ወንድሜ፣ ዶክተሯ ሊፈርሙ ሳይመጡ ያስተካከልኩትን ያስገቡልኝ" አለችው ሸፋሊ።

"አንቺ ልጅ፣ ቀይ አበዛሽበት። በነቃ ቁጥር ቀይ! ደንበኛ ቀይ አይወድም።"

"ታዲያ ሳይገናኝ ተገናኘሁ ይበል?"

"መጀመሪያ ማን አስተኛው? አትዝጉት በሏቸው፣ አለቀ።"

"መብራት ሲጠፋስ?"

"ጄኔሬተር አለን።"

"እኛማ አለን።"

ቲሚር የሺንጋራ ሳምቡሳውን ፍርፋሪ ከሸሚዙ ወደ ኪቦርዱ አራገፈ። ሸፋሊ ፍርፋሪውን አየች፣ ሰውየውን አየች። ፍርፋሪው የተሻለ የሚያስብ መሰላት።

የክሊኒኮቹ ኃላፊ ዶክተር ማልቢካ ረፋዱ ላይ መጡ። ቲሚር እጁን እያሻሸ አንድ የሙከራ ምርመራ ላከ። ዶክተሯ ስልክ ላይ ወዲያው ደረሰ። "ጥሩ ነው" ብለው ውሉን ሳብ ሲያደርጉ መብራት ድርግም አለ። ሳያስቡት እጃቸውን ሰደው ላፕቶፑን ከደኑት።

"ኧረ ዲዲ፣ እህቴ፣ አይዝጉት!" ቲሚር ጮኸ።

"ምነው? ባትሪው ይቆጠባል እንጂ። እኛ ጋ መብራት በሄደ ቁጥር እንዲህ ነው። የነርሶቼ እጅ ለምዶታል።"

ጄኔሬተሩ ተነሳ። ዶክተሯ ከፈቱት። አረንጓዴ።

"ይኸው! ምንም አልሆነም!"

"እስኪ ሌላ ይላኩ" አሉ ዶክተሯ።

ላከ። "ተልኳል" አለ። ዶክተሯ ስልካቸውን አዩ። ጠበቁ። መነጽራቸውን አድርገው እንደገና አዩ።

"የታለ?"

"ኢንተርኔቱ ነው፣ ዲዲ…"

"ኢንተርኔቱ ከሌለ ይሄ ምን አይቶ ነው አረንጓዴ የሚያበራው? ነርሷ ይህን አይታ፣ ሐኪም አይቶታል ብላ በሽተኛውን ወደ ቤቱ ትሸኘዋለች እኮ!"

"ትንሽ ነገር ናት። በሁለት ወር ውስጥ…"

ሸፋሊ የራሷን ላፕቶፕ አምጥታ ፊታቸው አስቀመጠች።

"ይዝጉት፣ ዲዲ።"

ዘጉት። ከፈቱት። ቀይ፦ "አልተገናኘም።" ቲሚር ጥርስ እንደሚነቀልለት ሰው ዓይኑን ጨፈነ። ትንሽ ቆይቶ ቢጫ። ከዚያ አረንጓዴ። ላከች። የዶክተሯ ስልክ ጮኸ።

"ይሄ መቼ ተሠራ?"

"አስራ አንድ ቀን አለፈው።"

"ታዲያ ምን ይጠብቃል?"

"ዳዳ ቀይ አይወዱም።"

ዶክተሯ ቲሚርን አላዩትም። "ይሄኛው የሚገባ ከሆነ እፈርማለሁ" አሉ።

"እኔም እኮ ስላት የነበረው ይሄንኑ ነው" አለ ቲሚር።

ዶክተሯ ፈርመው ሲሄዱ ቲሚር ወደ ሸፋሊ ጠጋ አለ። "እሺ አስገቢው። ግን ቀዩን ትንሽ ፈዘዝ አድርጊው። ሮዝ ቢጤ።"

አስገባችው። ቀዩን አደመቀችው።