ለአንዲት ወፍ አሥራ ሁለት ምስክር

ከካዛብላንካ የመጣው የጥርስ ሐኪም፣ ዶክተር ላህሉ፣ በጀልበኛው በቡሽታ ጀልባ ላይ ሦስት ሰዓት ሙሉ ሲያዛጋ አረፈደ። ባሕሩ ከሰላጤው እየሸሸ፣ እርጥቡ ጭቃ በፀሐይ እንደ መዳብ እያበራ ነበር፤ በሺህ የሚቆጠሩ ፍላሚንጎዎችም አንገታቸውን ደፍተው ይለቅሙ ነበር። ዶክተሩ በጉልበቱ ላይ የዘረጋውን፣ እስካሁን ያያቸውን ወፎች የስም ዝርዝር ተመልክቶ፣ "እነዚህ አሉኝ" አለ። ዓሣ አዳኙ ጭልፊት ከአናታቸው ተወርውሮ የሚንፈራገጥ ዓሣ ይዞ ሲነሣም ቀና አላለም። "እሱም አለኝ።"

የጎደለችው አንዲት ብቻ ናት፤ ምንቃረ ቀጭኗ፣ በዚያ ዳርቻ ከብዙ ዘመን ወዲህ ማንም ያላያት ወፍ።

ድንገት ምንቃረ ቆልማማ ወፍ ከጭቃው ተነሣችና ዶክተሩ ጀልባዋን እስኪያናጋት ዘለለ። "እሷ ናት!"

"አይደለችም፣ ዶክተር" አለ ቡሽታ። "ይህች ምንቃረ ወፍራሟ ናት፤ እዚህ ሞልታለች። ቀጭኗን በወጣትነቴ አይቻታለሁ፤ አልሳሳትም።"

"ፎቶ አላነሣሁም" አለ ዶክተሩ፣ አንዱንም ቃል ሳይሰማ። "ምስክር ያስፈልገኛል።"

በዚያ አገር የጽሑፍ ማስረጃ የታጣለት ነገር በውል ጸሐፊ ፊት በአሥራ ሁለት ምስክር ይጸናል። ሥርዓቱ ለርስትና ለዘር ሐረግ የቆመ ነበር፤ የጀልባዎቹ ማኅበር ሊቀ መንበር ሐጅ ጅላሊ ግን ለወፍ አዋለው። ወደ ዳርቻው እንደተመለሱ፣ ሻዩ ሳይበርድ አሥራ አንድ ሰው ሻይ ቤቱ ውስጥ ተገኘ። ከእነዚህ ዘጠኙ እግራቸው ጭቃ ነክቶ አያውቅም፤ ሥጋ ሻጩማ ክንፍ ያለውን ሁሉ ዶሮ ብሎ የሚጠራ ሰው ነው።

"ቡሽታ፣ ና ተቀመጥ! አሥራ ሁለተኛው አንተ ነህ" አለ ሐጅ ጅላሊ።

"ምን አየሁ ብዬ?"

"ዶክተሩ ያዩትን።"

"ዶክተሩ ያዩት ምኞታቸውን ነው።"

ሥጋ ሻጩ ሳቀ። "ወፍ እኮ ናት! ቀጠነች፣ ወፈረች፣ ማን ይለካታል?"

"አንተማ ዕድሜህን ሙሉ አጥንት በሥጋ ስም ስትመዝን ኖረህ፣ ልክ ምኑ ይገባሃል?"

ሐጅ ጅላሊ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ስማ ወንድሜ። ይህች ወረቀት ከጸናች እንግዳ ይጎርፍልናል። እምቢ ካልክ ግን ጀልባህ ከተራ ትወጣለች። ዳግም ሰው አትጭንም።"

ቡሽታ ከዚያች ጀልባ ሌላ መተዳደሪያ የለውም፤ ሁሉም ይህን ያውቃሉ። እሱም ወደ ጸሐፊው ዞረ። "ያየኋት ወፍራሟን ነው ብለህ ጻፍ።"

"ለእሷ ምስክር አልተጠየቀም" አለ ጸሐፊው፣ ዓይኑን ከወረቀቱ ሳያነሣ።

"እንግዲያው በአላህ ስም ምዬ ያላየሁትን አየሁ አልልም።"

ተነሥቶ ወጣ። በእሱ ቦታ ከጎረቤት ፀጉር አስተካካዩ ተጠራ፤ አንዱን ደንበኛ ጢሙን ግማሽ ላጭቶት ሮጦ ደረሰ፣ ማለ፣ ፈረመ፤ ከፈረመም በኋላ፣ "ለመሆኑ ምንድን ነበር ያየነው?" ብሎ ጠየቀ።

የወፏ ዝና በሁለት ሳምንት ውስጥ አገር አዳረሰ። ጀልባዎቹ እንግዳ ጭነው፣ ሞተራቸውን እያስጮኹ ወጡ። ከተራ የተወገደው ቡሽታ ጎንበስ ብሎ የሚበላ ዛጎል ከጭቃው ይለቅም ነበር። ጀልባዎቹ ሲቀርቡ በዙሪያው የሰፈረው የወፍ መንጋ በአንድ ጊዜ ተነሥቶ፣ ሰማዩን ለቅጽበት አጨልሞ፣ ወደ ውቅያኖሱ ሸሸ።

ከፊተኛው ጀልባ አንዲት ሴት ጮኸች። "አባት፣ ወፏን አይተዋታል?"

"እሷን አላየሁም፣ እመቤት። አምስት ሺህ ዘመዶቿ ግን እዚህ ነበሩ፤ እናንተ ስትመጡ ሄዱ።"

"አይስሙት፣ እመቤቴ" አለ ጀልባውን የሚነዳው ሐጅ ጅላሊ። "ስለ ወፍ ምንም አያውቅም።"

ሴትዮዋም አቅራቢ መነጽሯን አንሥታ ባዶውን ጭቃ በትጋት ትመረምር ጀመር።