የዓሦቹ አደራ

ልብስ ሰፊዋ ታናሽ ወንድሟን መናቅ ከጀመረች ቆይታለች። ንቀት ስላችሁ ደግሞ ለወጉ ያህል አይደለም፤ ገና ኮቴውን ደረጃው ላይ ስትሰማ ፊቷ ይኮሳተራል። «ጋሽ ነገ መጣ» ትላለች ለራሷ። ሰውየው ፍሪጅ ጠጋኝ ነው። የሰው ፍሪጅ ሲጠግን ይውላል፣ የገዛ ቤቱ ፍሪጅ በር ግን በገመድ ታስሮ ነው የሚዘጋው። «ነገ አየዋለሁ» ካለ ስንት ዘመኑ! እሱም በበኩሉ «ፖሊሷ» ይላታል። በአንድ ጣሪያ ሥር እየኖሩ ከሰላምታ ያለፈ ነገር አይነጋገሩም፤ እሷ ማለዳ ትወጣለች፣ እሱ ወደ ማታ ይገባል፣ በቃ።

ይህን አመል ከየት አመጡት ብሎ የሚጠይቅ ካለ ሳሎን ገብቶ አባታቸውን ይይ። አባትየው ጡረታ የወጡ የመርከብ መካኒክ ናቸው፤ ልጆቻቸውን «እናንተ ደግሞ ሰው ሆናችሁ!» ሳይሉ ውለው አያውቁም። ደግነታቸው ሁሉ ለዓሦቻቸው ነው። ትልቁ የመስታወት ገንዳ የባሕር ውሃ ነው፤ በውስጡ ቢጫና ሰማያዊ የባሕር ዓሦች ይንጎማለላሉ። አጠገቡ ትንሽ ገንዳ አለ። እዚያ ያሉት ወንዝ ከባሕር ከሚገናኝበት የመጡ፣ ጨው በከፊል ብቻ የለመዱ ብርማ ዓሦች ናቸው። አባትየው «ለማጆቹ» ይሏቸዋል። ወደ ትልቁ ገንዳ እስኪዛወሩ ድረስ በየማለዳው ከገንዳቸው አንድ ጆግ ውሃ ይቀዱና በምትኩ አንድ ጆግ የጨው ውሃ በቀጭን ቱቦ ጠብ፣ ጠብ ያደርጉላቸዋል። «ቀስ፣ ቀስ፣ የኔ ጌቶች» እያሉ! ልጅቷ ይህን በሰማች ቁጥር አንጀቷ ያርራል። እሷ አንድ ቀን እንኳ «ቀስ» ተብላ አታውቅም።

ታዲያ አባትየው ለዳሌ ቀዶ ጥገና ሆስፒታል ሲተኙ፣ ብቻዋን ሆና ስትጠይቃቸው «ጠጋ በይ» አሏት።

«ለማጆቹን ላንቺ ነው የምሰጠው። በቀን አንዴ፣ አንድ ጆግ። ለሱ ትንፍሽ እንዳትይ። እጁ የነካው ነገር አይበረክትም።»

እንዴት እንደተመለሰች አታውቅም። መሬት አልረገጠችም ብል ይሻላል። ዕድሜዋን ሙሉ የጠበቀችው ይህንን ነበር፤ አባቷ ከሁለቱ መርጠው አንቺ ትችያለሽ እንዲሏት። ለካ ያውቁኛል፣ አለች። በማግስቱ ከሥራ በፊት ተነስታ፣ ጆጓን ይዛ፣ እሷም «ቀስ፣ ቀስ» እያለች አንጠባጠበች።

ብዙም ሳይቆይ የጨው ከረጢቱ ቶሎ ቶሎ መጉደል ጀመረ። ሌላ ሰው ቢሆን ይጠይቃል። እሷ ግን ምን በወጣት! «ለፍሪጅ በረዶ ማቅለጫ እየሰረቀ ነው» አለች። «ጨው ይሰረቃል? ኧረ ምን ዓይነት ወራዳ ነው!» ቀጥሎ የጨው መለኪያው ቀስት ሊደርስበት ከሚገባው በላይ ሽቅብ ወጥቶ አገኘችው። እዚህ ላይ ቆም ብላ ቢሆን ኖሮ! «ነካክቶ አበላሸው» ብላ መለኪያውን መሳቢያ ውስጥ ወርውራ በእጇ ልክ ቀጠለች። ዓሦቹ ምግብ ሲተዉ፣ ክንፋቸውን አጣጥፈው ላይ ላይ ሲያለከልኩም ጥፋቱን ያገኘችው እዚያው ነው፤ መስታወቱን እየደበደበ አስደንግጧቸው ይሆናል፣ ከዚህ ሰውዬ ምን ይጠበቃል።

የመጀመሪያው ዓሣ ሆዱን ሰቅሎ የተንሳፈፈ ዕለት ሥራ ላይ መቀመጥ አቃታትና የስፌት መኪናዋን ሸፍና ቀድማ ገባች። ወንድሟ ገንዳው ሥር ተንበርክኳል። በእጁ ቱቦ፣ አጠገቡ ጆግ።

«አንተ! ምን እያደረግህ ነው?»

«ምን መሰለሽ? ጨዋቸውን እየሰጠሁ ነዋ።»

«ማን አዘዘህ?»

«አባባ።»

«ዓይንህን በጨው ታጥበህ ነው እንጂ! አባባ ላንተ?»

«አዎ ለኔ! በቀን አንዴ፣ አንድ ጆግ። ለሷ ትንፍሽ እንዳትል፣ እጇ የነካው ነገር አይበረክትም አለኝ።»

 ቃሉን አወቀችው። ዓሦቹ በቀን ሁለቴ እየተጨመረላቸው ነበር። ወንድሟም ፊቷን አይቶ ገባው መሰለኝ፣ ቱቦውን ጣለው። እየተጋፉ ወደ ንጹሕ ውሃ ቢያሻግሯቸውም የዘገየ ነገር ነው፤ እስኪነጋ አንድም አልተረፈም።

ሆስፒታል አብረው ሄዱ። መንገድ ላይ «እኔ እነግረዋለሁ» አለችው። አባትየው ግን ገና ከበር ሲያዩአቸው «ለማጆቹስ?» አሉ፤ እሷ የቦርሳዋን ማንገቻ ማስተካከል ያዘች።

«ሞቱ» አለ ወንድሟ። ጥቂት ጠብቆ አያት። ዝም ስትልበት «እኔ ነኝ፣ አባባ። ጨው አበዛሁባቸው» አለ።

አባትየው አልተቆጡም። እንዲያውም ፊታቸው ፈታ አለ። ወደ ልጃቸው ዞረው እጇን ያዙ። «አላልኩሽም?» አሏት፤ ሌላው ሰው ክፍሉ ውስጥ የሌለ ይመስል። «አላልኩሽም ይሄን?»

እጃቸው ሞቅ ያለ ነበር። ከልጅነቷ ጀምሮ ይዘዋት አያውቁም። ለሱም ለኔም ነው የነገርከን፣ የገደልካቸው አንተ ነህ ማለት ትችል ነበር። ቃሉ አፏ ላይ ነበር።

«ብለኸኝ ነበር፣ አባባ» አለች።

ወንድሟ ጃኬቱን አነሳና ወጣ። በሩን እንኳ አላጋጨውም። አባትየው እጇን መታ መታ እያደረጉ «አንቺስ ደህና ነሽ» አሉ፤ እሷም ደስታው እስኪመጣ ጎንበስ ብላ ጠበቀች፣ አልመጣም።