ለገበያ የተሰናዳ ሚኒባስ

ዝናው ውጫሌ ገበያ ላይ ያረጀ የከብት ነጋዴ ነው። በሬ ሊሸጥ ሲል በዋዜማው ጨው ያልሰዋል፤ በሬው ውሃ ሲጋት ያድርና በማግስቱ ሆዱ ተነፍቶ፣ ሽንጡ ሞልቶ ገበያ ይወጣል። ገዢው ቤቱ አግብቶት በሬው ሲኮሰምን ዝናው ጠላ ቤት ተቀምጦ ይስቃል። በዚህ አያፍርም። "ዓይን እያለው ካላየ የእጁን ነው ያገኘው" ይላል።

ከሰው ሁሉ አብልጦ የሚንቀው ግን የልጁን ባል ደሳለኝን ነው። ደሳለኝ ሐይቅ ከተማ ሚኒባስ ይነዳል፤ ሚኒባሷ የሚስቱ የፋሲካ ናት። "የሚስቱ ሹፌር" ይለዋል ዝናው፣ ሰው በተሰበሰበበት። ደሳለኝ ፈገግ ብሎ ያልፈዋል፤ ይሄ ፈገግታ ደግሞ ሽማግሌውን ያንገበግበዋል። ተሰድቦ የሚስቅ ወንድ፣ ወንድ ነው?

ዘንድሮ ፋሲካን ዕድል ቀናት። ሐይቁ ዳር የተከፈተ አንድ ሎጅ ከደሴ እንግዳ የሚያመላልስለት መኪና ለዓመት ሊኮናተር ፈለገ። የጠየቀው አንድ ነገር ነው፤ የመኪናው የጭስ ደረጃ ዩሮ አራት ወይም ከዚያ በላይ ይሁን። የፋሲካ መኪና ዩሮ አራት ናት፤ ኮፈኑ ሥር ተጽፏል። ሥራው ከተገኘ ፀሐይ ላይ ቆሞ ተሳፋሪ መለመን ቀረላቸው ማለት ነው።

ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት ማለት የዝናው ዓመል ነው። ሎጁ መኪኖቹን በሚያስመረምርበት ቀን ዋዜማ ከተፍ አለና "ቁልፉን ስጡኝ፤ እኔ አሳጥቤ ጠዋት እዚያው ሎጁ በር አደርሳታለሁ" አለ። አንድ የሚያውቀውን ሹፌር አስነድቶ በያጅ ዘንድ ወሰዳት። ጎንበስ ብሎ ሆዷን አየ። ከሞተሩ በሚወጣው ቱቦ መሃል አንድ ያበጠ ነገር አለ።

"ይሄ ምንድን ነው ጉሮሮዋን አንቆ የያዛት?"

"ጭስ ማጣሪያ ነው" አለ በያጁ።

"ጭሱን ምን አስታቀፋት! ትትፋው እንጂ!"

አስቆረጠው። በቦታው ባዶ ቱቦ አስበየደ፤ ቁራጩንም ለበያጁ መረቀለት፤ በያጁ ዋጋውን ስለሚያውቅ ቶሎ ብሎ ደበቀው። መኪናዋ ስትነሳ አጓራች። የዝናው ልብ ሞላ። ይሄ ነው መኪና!

ጠዋት ሎጁ በር ላይ ፋሲካና ደሳለኝ ቆመው ይጠብቃሉ። ደሳለኝ ድምፁን ገና ከሩቅ ሲሰማ ፊቱ ተለወጠ። መኪናዋ ስትቆም ጎንበስ ብሎ ከሥር አየና ቀና ብሎ አማቱን ተመለከተ። ይሄኔ መርማሪዋ ደረሰች።

ከደሴ የመጣችው ኢልሀም ልጅ እግር ናት፣ ጓንት አጥልቃለች። ዝናው ከላይ እስከ ታች ገላመጣት። የበሬ ጥርስ አይታ ዕድሜ የማትለይ ልጅ ደግሞ ምን ልትመረምር ነው?

ኢልሀም ኮፈኑን ከፍታ አነበበች። "ማሻአላህ፣ ዩሮ አራት ናት።"

ፋሲካ እፎይ አለች።

"ግን ምነው እንዲህ ጮኸች?" አለችና ኢልሀም ተንበርክካ ከሥር አየች። ስትነሳ ፊቷ ጠቁሯል። "ማጣሪያው ተቆርጧል እኮ! ብየዳው ገና አዲስ ነው። ያለማጣሪያ ደረጃውን አታሟላም፤ ወላሂ ላሳልፋት አልችልም።" ከኋላ የቆመውን ሌላ ሚኒባስ በእጇ ጠራችው።

ፋሲካ ወደ ሁለቱ ወንዶች ዞረች። "ማን ነው የቆረጠው?"

ዝናው ጋቢውን አስተካከለ። ሐይቁን አየ። ከዘራውን ከአንድ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ።

"እኔ ነኝ" አለ ደሳለኝ። "ታፍና ነበር። ይሻላታል ብዬ አስቆረጥኩት።"

"አንተ? እያወቅክ? እንጀራችንን እኮ ነው ቆርጠህ የጣልከው!" ፋሲካ እንባዋ መጣ። "ሂድልኝ! ዓይንህን እንዳላይ!"

ደሳለኝ አቀረቀረ። ወደ አማቱ ዞር እንኳ አላለም። ዝናው ያን ጊዜ ገባው፤ ይሄ የናቀው ሰው ሁሉንም አይቷል፣ ሁሉንም አውቋል፣ በልጁ ፊት ግን ገመናውን ሸፈነለት። በዕድሜው ማንም እንዲህ አድርጎለት አያውቅም። ከእሱ የሚጠበቀው አንድ ቃል ብቻ ነበር፤ ፋሲካም እንባዋን እየጠረገች አፍ አፉን ታያለች።

ዝናው ጉሮሮውን ጠረገ።

"ስታገቢው ነግሬሽ ነበር" አለ።