ከአንቺ በኋላ ማን ይመጣል?

ገብረወልድ ታብሌቱን የወደደው ቀስ በቀስ፣ ሳይወድ በግዱ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት የድሬ ዳዋን ነጋዴ በወረቀት ሲመዘግብ የኖረ ሰው፣ ጡረታው ደጃፉ ላይ ቆሞ ሳለ ቢሮው “ከዛሬ ጀምሮ ወረቀት የለም” ሲለው፣ በሆዱ “የልጆች ጨዋታ!” ብሎ ነበር። ጨዋታውን የሠራችው የሺአረግ ናት፤ ከዚራ ሰፈር ባለው ቢሮ ጥግ ተቀምጣ የመመዝገቢያ ቅጾችን በኮምፒውተር የምታዘጋጅ የሃያ ሰባት ዓመት ሴት። በመጀመሪያው ቀን ገብረወልድ አንድ ሱቅ የተከፈተበትን ዓመት ሲያስገባ ጣቱ ስቶ ገና ያልመጣ ዓመት ቢጽፍ፣ ታብሌቱ “ይህ ዓመት ገና አልደረሰም፤ እንደገና ይጠይቁ” አለው። ወረቀት እንዲህ ብሎት አያውቅም። “አይ ይቺ ልጅ!” አለና ከዚያ ወዲያ በይፋ መናቁን ተወ።

ምዝገባው ቀልድ አልነበረም። አዲሱ የገበያ አዳራሽ ሲያልቅ ቦታ የሚሰጠው ስሙ መዝገቡ ላይ ላለ ሰው ብቻ ነው፤ መዝገቡ ደግሞ አርብ ስድስት ሰዓት ላይ ይዘጋል።

ረቡዕ አመሻሽ ላይ ገብረወልድ እንደ ልማዱ ወደ ከፊራ ገበያ ወርዶ ከበድሪያ ሳምቡሳ ሊገዛ ቆመ። መዝጋቢዎቹ ሙቀቱን ሸሽተው ጠዋት ጠዋት ብቻ ስለሚወጡ፣ በድሪያን የጻፋት አልነበረም።

“አቦ ገብሬ፣ እኔንስ መቼ ነው የምትጽፈኝ?” አለችው ሳምቡሳውን ከዘይቱ እያወጣች። ድሬ ላይ ሽበት ቢኖርም ባይኖርም ሰው ሁሉ አንተ ነው።

ታብሌቱን አወጣ። ስሟንና ሥራዋን አስገባ፣ ፎቶ አነሳት፣ ታብሌቱ የቆሙበትን ቦታ እንዲይዝ አደረገ። ቀይ ጽሑፍ ብቅ አለ፦ “ይህ ቦታ በካልቱን ስም ተመዝግቧል።” ካልቱን በዚያው መደብ ላይ ጠዋት ሽንኩርትና ቲማቲም የምትሸጠው ሴት ናት። ደግሞ ሞከረ፤ ቀይ። ሁለት እርምጃ ፈቀቅ ብሎ ሞከረ፤ አሁንም ቀይ።

“እና እኔ የለሁም?” አለች በድሪያ። “አሥራ አራት ዓመት እዚህ ስትጠብስ የኖረችው ማን ናት ታዲያ?” ሳቀች፤ ሳቋ ግን የወትሮው አልነበረም። ገብረወልድ ሳምቡሳውን ሳይቀምስ በእጁ እንደያዘ ሄደ።

ያን ቀይ ጽሑፍ ያመጣችው የሺአረግ ራሷ ናት። በወረቀቱ ዘመን ብልጣ ብልጡ አንዱን መደብ በሚስቱም፣ በአማቱም፣ በሞተ ወንድሙም ስም ያስመዘግብ ነበርና፣ አንድ ቦታ ለአንድ ሰው ብላ ቆለፈችው። ትኮራበትም ነበር። ገብረወልድ ሐሙስ ጠዋት ትከራከረኛለች ብሎ ወገቡን ታጥቆ መጣ። እሷ ግን እስከ መጨረሻው ሰማችውና ላፕቶፗን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች።

“የቆለፍኩት በሌባው ላይ ብቻ መስሎኝ ነበር” አለች። “ና ጋሼ፣ ሄደን እንየው።”

ቀኑን ሙሉ እዚያው ዋሉ። ገብረወልድ በዕድሜው ስንት አለቃ አይቷል፤ የገዛ ስህተቱን ሊያይ የሽንኩርት ጆንያ ላይ የተቀመጠ ግን አላየም። ስድስት ሰዓት ሲሆን ካልቱን መደቡን ጠርጋ፣ የሸራውን ገመድ ሳትፈታ ትታው ሄደች። ገበያው ተዘጋ፣ ድሬም ጋደም አለች። የሺአረግ ግን በዚያ ሙቀት ከሸራው ሥር ላቧን እየጠረገች ቅጹን ታፈርሳለች፣ ትሠራለች። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ገበያው ተመልሶ ሞላ። መደቡ ላይ የነበረው አንድ የተጠቀለለ ሰሌን ብቻ ነው። በድሪያ አሥር ሰዓት ላይ ምድጃዋን ይዛ መጣች፤ ነገር ግን ጥላው ባዶ ሆኖ ሳለ መንገድ ዳር ፀሐይ ላይ ቁጭ ብላ ጠበቀች። የገባችው አሥራ አንድ ሲሆን ነው።

“ምን ነካት?” አለ ገብረወልድ።

“ነገ እንጠይቃለን” አለች የሺአረግ።

ቅጹ ላይ ቦታውን በሰዓት ከፋፈለችው። መጨረሻ ላይ አንድ ጥያቄ ጨመረች፦ “ከእርስዎ በኋላ እዚህ ማን ይመጣል?” ድሬ ላይ መሆኗ ትዝ ሲላት “ከእርስዎ”ን አጥፍታ “ከአንቺ” አለችው። ቀድሞ የተመዘገበ ሰው ስም ካልጠራ ሁለተኛው አይገባም።

ገብረወልድ ደነገጠ። “ካልቱን ‘ማንም አይመጣም’ ብትልስ? መደቡ እኮ በእሷ ስም ብቻ ነው ያለው። አዳራሽ ውስጥ ሙሉ ቦታ ለብቻዋ! እንዲህ ያለውን ሲሳይ በገዛ አፉ የሚመልስ ሰው አለ?”

“በድሪያ ወረቀት የላትም ጋሼ። ምስክሯ ካልቱን ብቻ ናት።”

“ሠላሳ አንድ ዓመት ሰው መዝግቤያለሁ። ስሚኝ!”

“ባልሰማህማ እዚህ ጆንያ ላይ ምን እሠራ ነበር?” አለችው።

አርብ ጠዋት የሺአረግ ለካልቱን አንድም ነገር ሳትደብቅ ነገረቻት፤ ስም ከጠራሽ ቦታውን ትካፈያለሽ፣ ካልጠራሽ የብቻሽ ነው። ከዚያ ጠየቀቻት። ገብረወልድ ዓይኑን ቲማቲሙ ላይ ተከለ። የሰው ፊት ሲለወጥ ማየት አልፈለገም።

ካልቱን አልዘገየችም። “ሰምሰም” አለች።

“በድሪያ ማለትሽ ነው?” አለች የሺአረግ።

“በድሪያማ ከሰምሰም በኋላ ናት። ከዘጠኝ እስከ አሥራ አንድ ሰምሰም ናት፣ የግመል ወተት የምትሸጠዋ። ወልዳ መልካ ጀብዱ መንደር እናቷ ቤት ናት። አርባዋን ስትጨርስ ትመጣለች።”

“እና እስከዚያ ሰዓቷ ባዶውን…” አለ ገብረወልድ።

“ሰሌኗ አለ አይደል? ምኑ ነው ባዶ?”

ገብረወልድ በድሪያ ለምን ፀሐይ ላይ እንደተቀመጠች ያን ጊዜ ገባው። ታብሌቱ ግን አልገባውም። የሰምሰምን ስም ቢጽፍ ፎቶ አምጣ አለ፤ ከየት ይምጣ? ቀይ።

“እሷን እንለፋት” አለ ሰዓቱን አይቶ። “የሌለ ሰው አይመዘገብም። በወረቀቱም እንዲሁ ነበር።”

ካልቱን መዳፏን መደቡ ላይ አሳረፈች። “እንዳታልፏት! ልጇን አዝላ መጥታ ‘ቦታዬስ?’ ስትለኝ፣ ወላሂ በየትኛው ዓይኔ ነው የማያት?”

የሺአረግ ጆንያው ላይ ተቀምጣ ላፕቶፗን ከፈተች። ፎቶ ለሌለው ሰው ምክንያት የሚመረጥበት መስመር ጨመረች። “ጋሼ፣ ይሄንን ምን ልበለው? ‘በጊዜያዊነት የለችም’?”

ገብረወልድ አፈረ። በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ ስንት ባዶ መደብ ፊት ቆሞ “የለም” ብሎ ጽፎ እንዳለፈ ቆጥሮ አይዘልቀውም።

“አይሆንም” አለ። “‘ትመጣለች’ በይው።”

ጻፈችው። እሱም መረጠና ላከ። የበድሪያ የረቡዕ ፎቶም እዚያው ነበርና፣ ካልቱን፣ ሰምሰም፣ በድሪያ፣ ሦስቱም ስሞች ተከታትለው አረንጓዴ ሆኑ። ካልቱን አንገቷን ሰግጋ አየቻቸው። “ማሻ አላህ” አለችና ወደ ሽንኩርቷ ተመለሰች።

መዝገቡ ሊዘጋ አንድ ሰዓት ተኩል ቀርቶታል። ገብረወልድ ታብሌቱን ብብቱ ሥር ወሽቆ ተነሳ።

“በዚህ የመደብ ረድፍ ብቻ ዘጠኝ ቦታ ላይ ‘የለም’ ብዬ አልፌያለሁ” አላት የሺአረግን። “ተነሺ፣ እንሂድና ጎረቤቶቻቸውን እንጠይቅ።”