የጋሼ ኩላሊት

የአንድ ሰው ክርን አፍንጫው ላይ አረፈ። ለመተንፈስ አፉን ሲከፍት ደግሞ የገባለት የሐይቅ ውሃ ነበር። ሊፍቱ የሚሉት ሰው መዋኘቱን ትቶ ባለበት ተንደፋደፈ። ተወዳዳሪዎቹ ከግራም ከቀኝም እየተራገጡ አለፉት። ዳር ቆሞ ሲያየው ቅርብ የነበረው የመዞሪያው ብርቱካናማ ኳስ አሁን ሌላ አገር ያለ መሰለው። ልቡ ጆሮው ውስጥ ገብታ ትደልቅ ጀመር።

“ወንድሜ! ወደዚህ! ጀልባውን ያዝ!”

አንዲት ወጣት የነፍስ አድን ሠራተኛ ትንሽ ጀልባዋን እየቀዘፈች አጠገቡ ደረሰች። በሁለት እጁ ሙጭጭ አለባት።

“ከያዝኩ... ከውድድሩ ወጣሁ ማለት ነው?” አለ እያሳለ።

“አይደለም። ወደ ፊት እስካልጎተተችህ ድረስ መያዝ ይፈቀዳል። ተንፍስ።”

“ዋና የተማርኩት ካረጀሁ በኋላ ነው።”

“ያስታውቃል” ብላ ሳቀች። “ግን ይኸው እዚህ ድረስ መጥተሃል። ውጣ ካልከኝ አወጣሃለሁ፣ እቀጥላለሁ ካልክም አብሬህ ነኝ። አሁን ግን ምንም አትወስን። መጀመሪያ ተንፍስ።”

ተነፈሰ። የዋጠው ውሃ ሆዱ ውስጥ ሲንቦጫረቅ ተሰማውና ድንገት ሳቅ አመለጠው።

“ምን ያስቅሃል?”

“ውሃ አማረኝ እያልኩ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ዛሬ ጠገብኩ።”

ልጅቷ ቀልድ መሰላት። እሱ ግን የምሩን ነበር። ሊፍቱ የሊፍት ጥገና ሠራተኛ ነው፤ ስሙን ያወጡለት የየሕንፃው ጥበቃዎች ናቸው። ኩላሊቶቹ ሥራ ያቆሙ ጊዜ በሳምንት ሦስት ቀን እጥበት ይገባ ነበር፤ የሚጠጣት ውሃም በስኒ ተለክታ የምትሰጠው ነበረች። በሙቀት ቀን በረዶ እየመጠጠ ይውላል። አንድ ቀን እንደምንም ሥራ ገብቶ አሳንሰሩ በሚወጣበት ጨለማ ጉድጓድ ውስጥ ገመድ ሲፈትሽ፣ ከግድግዳው ጀርባ በቧንቧ ውሃ ሲወርድ ሰማ። ጆሮውን ግድግዳው ላይ ለጥፎ አለቀሰ።

“በቃ ልሂድ” አለ ጀልባውን እየለቀቀ።

“ቀስ ብለህ። ማንም አያባርርህም።”

በዝግታ ዋኘ። ልጅቷ እስከ ዳር ድረስ ከጎኑ አልተለየችም። ጭቃው ላይ ቆሞ ሊያመሰግናት ዞር ሲል እጇን አወናጨፈችበት።

“ምን ታየኛለህ? ብስክሌትህ ብቻዋን ቀርታለች፣ ሂድ!”

ብቻዋን እንኳ አልቀረችም፤ አጠገቧ ሌሎች ሁለት ሦስት ብስክሌቶች ነበሩ። አሮጌ ገዝቶ፣ ፈታትቶ፣ ራሱ መልሶ የገጠማት ናት። ከሐይቁ ቀጥሎ ብስክሌቱ ነበር፣ ከእሱ ቀጥሎ ሩጫው። የራስ ቁሩን ደፍቶ ወጣ።

መንገዱ በመጋዘኖች መሃል ካለፈ በኋላ ረጅም ዳገት ይይዛል። ነፋሱ ፊት ለፊት ነበር። ሊፍቱ አንገቱን ደፍቶ ገፋ። ዳገቱ አጋማሽ ላይ ሰንሰለቱ ወለቀና ፔዳሉ ባዶውን ዞረ።

“አንቺም መረረሽ?” አላት ወርዶ እየገለበጣት። ሰንሰለቱን መለሰና በግራሶ የጠቆሩ ጣቶቹን ቁምጣው ላይ ጠርጎ ቀጠለ። ጭኑ እሳት ሆኗል። በየመሃሉ ጠርሙሱን አንስቶ ይጎነጫል። ሐኪሙ ውድድሩን ሲፈቅድለት አንዲት ነገር ብቻ አስጠንቅቆት ነበር። “ውሃ እንዳታቋርጥ። የጠጣኸው እየተመለሰ አልቀመጥ ካለ ግን ያኔ አበቃ። ሜዳሊያ ኩላሊት አይሆንም።”

ኩላሊቱ የሚስቱ ታላቅ ወንድም ነው። ማለትም የእሱ ነበር፤ ሰጥቶት ለሊፍቱ ተተከለለት። ይህ ሰው ፀጉር አስተካካይ ነው። ሊፍቱ እህቱን ሊያገባ ሽማግሌ በላከ ጊዜ “እህቴን በገመድ ለሚንጠለጠል ሰው አልሰጥም” ብሎ ቤቱን ያተራመሰ እሱ ነበር። ጋብቻው ከሆነም በኋላ አንድ ማዕድ ላይ ሲገናኙ “ጨው አቀብል በሉት” እየተባባሉ በሰው አፍ ሲነጋገሩ ኖሩ።

ሊፍቱ ሲታመም ዘመድ ሁሉ ተመርምሮ የሚሆን ጠፋ። አንድ ቀን ጠዋት ፀጉር አስተካካዩ የሥራ ካፖርቱን እንደለበሰ፣ ትከሻው ላይ የሰው ፀጉር እንደተበተነ፣ እጥበት ክፍሉ ውስጥ ሰተት ብሎ ገባና አልጋው አጠገብ ቆመ።

“ደማችን ገጠመ አሉኝ” አለ። “ሌላ ነገራችንማ አይገጥምም።”

ሊፍቱ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

“እንዳታለቅስብኝ። ለእህቴ ብዬ ነው።”

ከዚያን ቀን ወዲህ ሊያመሰግነው አፉን በከፈተ ቁጥር “ኩላሊቴ እንዴት አደረች?” ብሎ ነገሩን ወደ ሳቅ ይለውጠዋል። ንቅለ ተከላው ከተሠራ ዓመታት አልፈዋል፤ ያቺ ምስጋና ግን ገና አልተነገረችም።

ዳገቱ አለቀ። ሊፍቱ ቁልቁለቱን ሲወርድ ነፋሱ ደረቱ ውስጥ ገባና ሳያስበው “ተመስገን!” ብሎ ጮኸ። የሰማው አንድ የቆመ የጭነት መኪና ሾፌር ብቻ ነበር፤ ጡሩንባውን ነፋለት።

ሩጫው ሲጀመር ፀሐይዋ አናት ላይ ነበረች። ከብስክሌቱ ሲወርድ እግሮቹ የሌላ ሰው ሆኑበት። የመጀመሪያውን ዙር እንደምንም ጨረሰ። መታጠፊያው ላይ ሚስቱ ጃንጥላዋን እያውለበለበች ዘለለች። ወንድሟ ከጎኗ እጁን አጣምሮ ቆሟል።

“ፊትህ አመድ መስሏል!” አለ ፀጉር አስተካካዩ።

“ደህና ነኝ ጋሼ!”

ደህና አልነበረም። ትንሽ ርቆ እንደሄደ ከመንገዱ ዳር ተደፍቶ የጠጣውን ሁሉ አወጣው። ውሃ ከሚታደልበት ድንኳን አንዲት ነርስ ሮጣ ደረሰች፤ ደግፋ ወንበር ላይ አስቀመጠችውና የእጁን ትርታ ያዘች። ወዲያው ፀጉር አስተካካዩ ቦርጩን ይዞ፣ እያለከለከ መጣ።

“ተቀመጥ!”

“ተቀምጫለሁ እኮ ጋሼ።”

“ተኛ እንግዲያ!”

“አባቴ፣ ለኔ ይተዉት” አለች ነርሷ። “ምኑ ነዎት? ወንድሙ ነዎት?”

ሰውየው ቀበቶውን ወደ ላይ ሳበ።

“እኔ... ኩላሊቱ ነኝ” አለ።

ነርሷ አንዴ እሱን፣ አንዴ ሊፍቱን አየች። ሊፍቱ ራሱን ነቀነቀላት። ነገሩ ሲገባት ድምጿን ዝቅ አደረገች።

“እንግዲህ ትንሽ ትንሽ ውሃ ይጎንጭና እንየው። ከተቀመጠለት እንነጋገራለን። ከተመለሰ ግን በአምቡላንስ ነው የሚሄደው።”

ፀጉር አስተካካዩ ኩባያውን ከእጇ ተቀብሎ አስፋልቱ ላይ ተንበረከከ። ኩባያውን በቀኝ እጁ ወደ ሊፍቱ ከንፈር አስጠጋ። በዚያ እጅ ምላጭ ይዞ የስንቱን ጉሮሮ ላጭቷል።

“እኔ የሰጠሁህ እንድትኖርበት ነው” አለ ቀና ሳይል። “እንድትሮጥበት ነው እንዴ? ጠዋት ውሃው ውስጥ ስትጠፋ እህቴን ይዤ ዳር ላይ ምን እንደሆንኩ ታውቃለህ?”

ሊፍቱ አንድ ጉንጭ ዋጠ።

“ጋሼ፣ ያኔ ሽንት ቤት ለመድረስ ግድግዳ ይዤ ነበር የምሄደው። መሃል ላይ ቆሜ አርፋለሁ። ልጄ ‘አባዬ፣ ልሸከምህ?’ ይለኝ ነበር፣ በዚያ ቁመቱ። አሁን ጠዋት ተነስቼ ስሮጥ፣ እግሬ ሲታዘዘኝ፣ ስምህን ነው የምጠራው። በአፌ ላመሰግንህ ስል ታስቀኛለህ። ስሮጥ ግን የሚያስቆመኝ የለም፤ እስክጠግብ አመሰግንሃለሁ።”

ፀጉር አስተካካዩ በአውራ ጣቱ ዓይኑን ጠረገ።

“ላብ ነው” አለ።

“እሺ ጋሼ።”

“በል ጠጣ። ቀስ ብለህ።”

ጠበቁ። ከኋላው የነበሩት ጥቂት ሯጮች አንድ በአንድ አለፉ። ሊፍቱ ሲያልፉ አያቸው፤ ከዳገቱም ከነፋሱም ይህ ከበደው። ውሃው ግን ተቀመጠ። ነርሷ ደግማ ትርታውን ለካች፤ ዓይኑንም ገልጣ አየች።

“በእርምጃ ከሆነ እለቅሃለሁ” አለች። “ሩጫ የለም። በየድንኳኑ ቆመህ ትጠጣለህ።”

“በእርምጃ።”

“እኔ ዳር ዳሩን አብሬው አለሁ” አላት ፀጉር አስተካካዩ። “ሲሮጥ ካየሁት ጠልፌ ነው የምጥለው።”

ሄዱ፤ አንዱ በአስፋልቱ፣ አንዱ በእግረኛው መንገድ። ባቱ ሲቆርጠው ሊፍቱ ይቆማል፤ ያኛውም ይቆማል። ከኋላቸው አንዲት ፒክአፕ የመንገድ ማገጃዎቹን እየሰበሰበች ትከተላለች። የሊፍቱ እግር ስር ያለው ቆዳ ተልጦ ካልሲው ረጥቧል። ቢሆንም አንዱን እግር ከሌላው ፊት ማስቀመጡን አላቆመም። ከድንኳን ድንኳን ውሃ ሰጡት፤ ሁሉንም ጠጣ፣ ሁሉም ጣፈጠው።

መጨረሻው ጋ ሲደርሱ የድምፅ ማጉያው ተነቅሏል፣ ሰዓቱም ወርዷል። አስተባባሪው ምንጣፍ እየጠቀለለ ነበር።

“ወንድሜ፣ ይቅርታ፣ ሰዓቱ አልፏል። ውጤትህ አይመዘገብም።”

“ግድ የለም። መስመሩ የቱ ጋ ነበር?”

አስተባባሪው ዙሪያውን ቃኝቶ በጫማው ጫፍ መሬቱን ነካ። “እዚህ ጋ።”

ሊፍቱ ቦታውን ደህና አድርጎ አየና ተሻገረው። አስተባባሪው የያዘውን ምንጣፍ ጥሎ አጨበጨበለት። ሚስቱ ጃንጥላዋን ጥላ ተጠመጠመችበት።

“ሸተሃል” አለች እያለቀሰች፤ ግን አልለቀቀችውም።

ወንድሟ ራቅ ብሎ ስልኩን ይነካካ ነበር።

“በሉ እኔ ልሂድ” አለ። “ዛሬ እሑድ ነው፤ ደንበኞቼ ፀጉር ቤቱ በር ላይ ተሰልፈው ስሜን እያነሱት ነው። በመንገዳችሁ አድርሱኝ።”

“ጋሼ” አለ ሊፍቱ።

“ደግሞ እንዳትጀምረኝ።”

ሚስቱ የመኪናውን በር ከፈተች። “በል ግባ፣ ወንድሜን እናድርስና ቤት ሄደህ ትተኛለህ።”

ሊፍቱ በሩን ይዞ ቆመ። ይህን ሰው ባወቀበት ዘመን ሁሉ አንድ ቀን እንኳ ፀጉር ሊቆረጥ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ አያውቅም። መጀመሪያ በእልክ ነበር፤ በኋላ ደግሞ በሐፍረት። ፀጉሩን የሚቆረጠው መሥሪያ ቤቱ አጠገብ ነው። ፀጉር አስተካካዩም አንድ ቀን ለምን ብሎ ጠይቆት አያውቅም።

“ጋሼ፣ ወረፋው ብዙ ነው?”

“ለማን?”

“ለኔ።”

ፀጉር አስተካካዩ ስልኩን ኪሱ ከተተ። ቀረብ አለና የሊፍቱን አገጭ ይዞ ራሱን ወዲህና ወዲያ አዞረው።

“ይሄን ጎን ማነው እንዲህ የበላው?”

“ሌላ ሰው።”

“እሱን እያየሁ ስበግን ስንት ዘመኔ!” አለ። አገጩን ለቀቀው። “በሕመም ያሉ ወረፋ አይጠብቁም። መጀመሪያ አንተ ነህ።”

ሊፍቱ እግሮቹን በእጁ እያነሳ መኪናው ውስጥ ገባ፤ ከዚያም ሚስቱን ትከሻዋን ነካ አደረጋት።

“ወደ ፀጉር ቤቱ ንጂ” አላት። “እኔም እዚያው እወርዳለሁ።”