የአሥራ አራት ቁጥር አስታማሚ

ሰገነት ቢላዋውን ኬኩ ላይ ስትጭነው «ዌልካም ሩቲ» ከሚለው የክሬም ጽሑፍ ስሙን ለሁለት ከፈለችው። ሆን ብላ ነው። የነርሶቹ ክፍል በፊኛ ተሞልቷል። ሆስፒታሉ ከአዲስ አበባ ላስመጣት ነርስ ለሩቲ፣ እዚሁ ኦክላንድ አጠገብ ሳን ሊያንድሮ ውስጥ የሦስት ወር አፓርታማ ይዞላታል፤ ኤርፖርትም አበባ የያዘ ሰው ልኮላታል። ሰገነትን ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት የተቀበላት የኦክላንድ ዝናብ ብቻ ነበር። አገር ቤት ስምንት ዓመት በነርስነት ሠርታ፣ እዚህ የነርስነት ፈቃድ ፈተናውን «ዘንድሮ፣ ለከርሞ» ስትል ሁለት ልጆች ወለደችና የነርስ ረዳት ሆና ቀረች። ባለፈው እሑድ ፓስተሩ «ቅናት አጥንትን ያነቅዛል» ሲሉ ጮክ ብላ አሜን ብላለች፤ ዛሬ ሲነቅዝ ይሰማታል።

«ያገርሽ ልጅ ናት፤ አንቺ አለማምጃት» አለቻት የፈረቃው ኃላፊ ሊንዳ። «እንዴት እንደያዘችው ትነግሪኛለሽ።»

«ሹር» አለች ሰገነት፣ ከአንገት በላይ እየሳቀች። አንድ መጥፎ ቃል ጣል ብታደርግ የልጅቷ የሙከራ ጊዜ እንደሚራዘም ታውቃለች።

ቀትር ላይ ሩቲ ከአሥራ አራት ቁጥር ክፍል ወጥታ ኮሪደሩን ግራ ቀኝ ታይ ጀመር።

«ምን ጠፋብሽ?»

«የሽማግሌው አንሶላ ረጥቧል። አስታማሚያቸው የት ሄዶ ይሆን?»

ሰገነት ሳቋ መጣ። አስታማሚ! አገር ቤት ነርስ መድኃኒት ትሰጣለች፤ የሚያጥበውና የሚያገላብጠው ዘመድ ነው። እዚህ ዘመድ ሊጠይቅ መጥቶ አልጋው ላይ ፊኛ አስሮ ይሄዳል። ሊንዳ ደግሞ ከኮሪደሩ ማዶ ክፍሎቹን እያየች እየመጣች ነው። ሰገነት ዝም ብትል ብቻ ልጅቷ ጉድ ትሆናለች።

«እኔ እንጃ፤ ፈልጊው» አለቻት።

«እሺ፣ ሲስተር። ይቅርታ፣ ሥራ አስፈታሁዎት።»

ሲስተር። አገር ቤት ትጠራበት የነበረውን ይህን ስም ከሰማች አሥራ ሁለት ዓመቷ። ተናደደች፤ ደስም አላት፤ ደስ ስላላት ይበልጥ ተናደደች። እሷም በመጀመሪያ ቀኗ አስታማሚ ፍለጋ እስከ ካፍቴሪያው ድረስ ወርዳ ነበር። የነገራት ሰው አልነበረም፤ የሳቀባት ግን ብዙ ነው።

«ነይ ወዲህ!» ጓንት አቀበለቻትና መጋረጃውን ሳበች። «እዚህ አስታማሚ የሚባል ነገር የለም። አስታማሚው እኔና አንቺ ነን። ቶሎ ቼንጅ እናድርጋቸው። በዚያ በኩል ያዢያቸው፤ ቀስ!»

አጥበው፣ አድርቀው፣ አንሶላውን ለውጠው ሲጨርሱ ሊንዳ አንገቷን ብቅ አደረገች። «እንዴት ናት?»

«ጎበዝ ናት» አለች ሰገነት። ቃሉ እንደ ኮሶ መረራት።

ሊንዳ ስትሄድ ሰገነት ጓንቷን እያወለቀች፣ ልጅቷን ሳታይ፣ «ለፈተናው ያጠናሽበት መጽሐፍ አለ ወይስ አገር ቤት ጣልሽው?» አለቻት።

«ይዤው መጥቻለሁ። ለማን ፈለጉት?»

ሰገነት ጓንቱን ቆሻሻ መጣያው ውስጥ ከተተች።

«ለእኔ» አለች። «ነገ አምጪልኝ። ለማንም እንዳትነግሪ።»