የጎብዬው የዳይኖሰር ትምህርት

በ1976 ዓ.ም. ሚያዝያ ላይ ለቆቦ ግብርና ጽሕፈት ቤት አንድ ጥቅል ወረቀት ከደብዳቤ ጋር ደረሰ። ደብዳቤው በሥዕሉ የሚታዩትን እንስሳት ዓይነትና ጠባይ ለገበሬው አስተምሩ፣ በአካባቢው የሚገኙትንም በየዓይነታቸው ቆጥራችሁ በአሥራ አምስት ቀን ሪፖርት አድርጉ ይላል። ማኅተም አለው፤ ፊርማም አለው።

የእንስሳት ጤና ረዳቱ ሙላው የተሻሻሉ የወተት ላሞች ሥዕል መስሎት ጥቅሉን ፈታ። ላም የሚባል የለም። ጠረጴዛው ላይ የተዘረጉት እሱ በሥራ ዘመኑ አክሞም አይቶም የማያውቃቸው አምስት ፍጥረቶች ነበሩ። ጽሑፉ ራሽያኛ ስለሆነ ወረቀቱን ተሸክሞ የባዮሎጂ አስተማሪው ካሕሳይ ቤት ሄደ። ካሕሳይ ሶቭየት ኅብረት ሁለት ዓመት ተምሮ የተመለሰ የአላማጣ ሰው ነው።

ካሕሳይ ከሥዕሉ ሥር ያለውን ጽሑፍ አንብቦ፣ «ዳይኖሰሮች ናቸው» አለ።

«መኗቸው ምንድን ነው?» ሲል ሙላው ጠየቀ። የለመደው ጥያቄ ይኸው ነበር።

«መኖ አያስፈልጋቸውም። ካለቁ ስድሳ አምስት ሚሊዮን ዓመት አልፏቸዋል።»

ሙላው በማግስቱ ለካድሬው ለተሾመ ሁኔታውን አስረዳ። ምናልባት የላሞቹ ሥዕል ወደ አንድ ሙዚየም ሄዶ፣ የሙዚየሙ ደግሞ ወደ ቆቦ ሳይመጣ እንዳልቀረ ተናገረ።

«የበላይ አካል ተሳስቷል ነው የምትለኝ፣ ጓድ ሙላው?»

ሙላው ሚስቱንና ሁለት ልጆቹን አሰበ። «እንደሱ አላልኩም» አለ።

ሦስት ቀን ሙሉ ካሕሳይ ዘንድ እየሄደ አጠና። በገበያ ቀን ወደ ጎብዬ ከተማ ወርዶ ሥዕሉን በገበሬ ማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ግድግዳ ላይ ሰቀለ። ስለ መዥገርና ስለ ክትባት ሲያስተምር ሰው የሚመጣው ስም ተጠርቶ ነበር፤ የመጣውም ያንቀላፋል። በዚያን ዕለት ግን ሰዉ ግመሉን እንደያዘ ቆሞ አዳመጠ።

«ይህ ብራኪዮሶረስ ይባላል» አለ ሙላው በዘንግ እያመለከተ። «አንገቱ ከዛፍ ጫፍ ይደርሳል፤ ቅጠል ብቻ ነው የሚበላ። ይህ ታይራኖሶረስ ሥጋ በል ነው፤ በሁለት እግሩ ይሄዳል፣ ጥርሱ ስንዝር ያክላል፣ እጆቹ ግን አጫጭር ናቸው። ይህ ባለ ሦስት ቀንድ ትራይሰራቶፕስ ነው፤ ሣር ቅጠል በል ሲሆን አንገቱን የሚጠብቅለት የአጥንት ጋሻ አለው።»

«ለቀንበር የሚሆነው የትኛው ነው?» ብላ አንዲት ሴት ጠየቀች። ራህመት ትባላለች። ባሏ ከሞተ ወዲህ አራት በሬዎቿን ይዛ ምርቱን እኩል እየተካፈለች መሬቷን የምታሳርስ፣ በጎብዬ ቃሏ የሚሰማ ሴት ናት።

ሙላው ደብተሩን አገላበጠ። እንዲህ ያለ ነገር ካሕሳይ አላስተማረውም። «ባለ ሦስት ቀንዱ ሳይሻል አይቀርም» አለ።

ቀጥሎ ወደ ስቴጎሶረስ ዞረ። ጀርባው ላይ ሰፋፊ የአጥንት ሰሌዳ፣ ጅራቱ ላይ እሾህ አለው። «አካሉ ከመኪና ይገዝፋል፤ አንጎሉ ግን ከሎሚ አይበልጥም» አለ ሙላው። ተሾመ ከፊት ወንበር ላይ ተቀምጦ ነበርና ሰዉ ሁሉ ወደ መሬት አየ። በመጨረሻ ዶሮ የምታክለውን፣ ነፍሳትና እንሽላሊት እየለቀመች የምትኖረውን ትንሿን አሳየ።

«ታዲያ አሁን የት ናቸው?» አለች ራህመት።

«አልቀዋል፣ እትዬ ራህመት። ምክንያቱን ምሁራን ገና ይከራከሩበታል። አንዳንዶቹ አቧራ ፀሐይን ጋርዶ ተክል ጠፋ ይላሉ። ከዚያ ቅጠል በሎቹ አለቁ፣ እነሱን ተከትለው ሥጋ በሎቹ አለቁ። ብዙ መብላት የሚፈልጉት ትልልቆቹ አልቆዩም። የትንንሾቹ ዘር ግን እንደተረፈ፣ ወፎችም ከነሱ እንደመጡ የሚናገሩ አሉ።»

ራህመት ወደ ሜዳው ዞር ብላ አየች። በልጉ አልዘነበም፤ ከዋጃ እስከ ሮቢት አቧራ ነው። «ሱብሃነላህ» አለች በቀስታ፣ ሌላም አልጠየቀች።

በሚቀጥለው ገበያ አራቱንም በሬዎች ሸጠች። ግማሹን ገንዘብ ማሽላ፣ ግማሹን ፍየል ገዛችበት። ጎረቤቶቿ መጀመሪያ አበደች አሉ፤ ከዚያ ሰባት የሚሆኑት እነሱም በሬዎቻቸውን እየነዱ ወደ ገበያ ወጡ።

ተሾመ ሙላውን አስጠራው።

«ድርቅ ይመጣል እያልክ ሕዝቡን አሸብረሃል።»

«ጓድ፣ እኔ የተናገርኩት ስለ ድሮ ነው።»

«የድሮው ሥርዓት ድርቅ ደብቆ እንደነበር ይታወቃል። በአሁኑ ሥርዓት ድርቅ የለም። የአብዮቱ አሥረኛ ዓመት በዓል ደርሶ ሳለ በሬ ይሸጣል?»

ሙላው በስብሰባ ፊት ግለ ሂስ አደረገ። የዳይኖሰሮችን አሟሟት ያለ በላይ አካል መመሪያ በመግለጹ መጸጸቱን አነበበ፤ እያነበበም ሳቁ እንዳያመልጠው ከንፈሩን ነከሰ፣ ቤቱ ሲገባ ግን ሳቁ አልመጣለትም። ሪፖርቱ ላይ «በአካባቢው አንድም አልተገኘም» ብሎ የጻፈውን ተሾመ ሰርዞ «ለጊዜው አልተገኘም፤ ጥረቱ ቀጥሏል» ብሎ ጻፈበት። ከወር በኋላ መልስ መጣ። ጽሕፈት ቤቱ በወቅቱ ሪፖርት በማድረጉና ብዙ ሕዝብ በማስተማሩ ተመስግኖ፣ ለጓድ ተሾመ የምስክር ወረቀት ተልኮለታል። ሙላው ወደ ዋጃ ተዛወረ።

ክረምቱም ሳይዘንብ አለፈ። በዓሉ ተከበረ። በኅዳር በዋና መንገዱ ዳርና ዳር የወደቁ ከብቶች ሬሳ ነበር፤ ቀጥሎ ሰዎች መውደቅ ጀመሩ። ሙላው ከብት ማከሙን ትቶ ከእርዳታ ሠራተኞች ጋር ቃሬዛ ሲሸከም ከረመ።

በጥር መጨረሻ ራህመት አንዲት ዓይኗ የታመመ ፍየል እየጎተተች ዋጃ ድረስ መጣች። ከስታለች። ከሃያ ፍየሎቿ ስምንት እንደቀሩ፣ ማሽላው ግን ገና እንዳላለቀ፣ ልጆቿም በሕይወት እንዳሉ ነገረችው።

«ዶክተር፣ ያ ትምህርት ጥሩ ነበር» አለችው። «ለምንድን ነው የቀረው?»

ሙላው ትምህርቱ በስሕተት የመጣ መሆኑን ሊነግራት አፉን ከፈተ። ከዚያ ሐሳቡን ለወጠና የፍየሏን ዓይን በጨው ውኃ አጥቦ፣ ከሦስት ቀን በኋላ መልሳ እንድታመጣት ነገራት።